ኳርተርባክ ሲመረጥ ወጣቱንም የሚገባበትንም ቡድን በአንድ ሚዛን ማየት

በየዓመቱ ኤፕሪል ሲቃረብ የአሜሪካ ፉትቦል ተከታታዮች የሚከራከሩበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዘንድሮ ወጣት ኳርተርባኮች (ማጥቃቱን የሚመሩና ኳሷን የሚወረውሩ ተጫዋቾች) ማን ይሻላል? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ወጣቱ ሲመጣ ከፊቱ ማን ይቆማል፣ ለማን ይወረውራል፣ ማን ያሠለጥነዋል የሚለው ነው። ቡድኖች ወጣቱን ለብቻው፣ ራሳቸውን ለብቻቸው ሲመዝኑ ነው በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጀማሪ አንባቢ በአጭሩ፦ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ዋና ሊግ) ድራፍት 7 ዙር አለው፤ 32ቱ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች በየተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ተራ በሌላ ተራ ወይም በተጫዋች ሊለወጥ ይችላል። ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ልውውጥ ነው።

የ2023ቱ ትምህርት

በማርች 2023 ካሮላይና ፓንተርስ ከ9ኛ ተራ ወደ 1ኛ ለመውጣት ለቺካጎ ቤርስ የዚያን ዓመት 9ኛና 61ኛ ምርጫውን፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ የ2025 ሁለተኛ ዙር ምርጫውንና በላዩ ላይ የቡድኑን ዋና ተቀባይ ዲጄ ሙርን ሰጠ። በተገኘው ተራም ብራይስ ያንግን መረጠ። ያንግ በአላባማ የሃይዝማን ሽልማት (ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን) ያገኘ፣ የተከላካዮችን አሰላለፍ በፍጥነት የሚያነብ ወጣት ነው። ይሁንና ኳሱን ሊቀበለው ይችል የነበረው ሰው ለእሱ በተከፈለው ዋጋ ውስጥ ተካቶ ሄዷል። በመጀመሪያ ዓመቱ ያንግ ኳሷን ሳይለቅ 62 ጊዜ ተጣለ፤ ይህን ነው ሳክ የሚሉት። ቡድኑ 2 ጨዋታ አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ ዋናው አሠልጣኝ ዓመቱን ሳይጨርስ ተሰናበተ። ለቺካጎ የተሰጠው የ2024 ምርጫም 1ኛ ተራ ሆኖ አረፈ፤ ቺካጎ ኬሌብ ዊሊያምስን የመረጠው በዚያው ተራ ነው። ሙር በበኩሉ በቺካጎ በመጀመሪያው ዓመት ኳስ በመቀበል 1,364 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሠራ።

በዚያው ድራፍት ሂውስተን ቴክሳንስ ከ2ኛ ተራው ሳይንቀሳቀስ ሲጄ ስትራውድን መረጠ። ስትራውድ በመጀመሪያ ዓመቱ 4,108 ያርድ ወረወረ፤ 23 ታችዳውን (ኳሷ የተጋጣሚው የጎል ክልል ስትደርስ የሚቆጠር ነጥብ) አስቆጥሮ 5 ኳስ ብቻ ተጠለፈበት። ቡድኑም 10 አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ። ከዚህ ተነስቶ «ስትራውድ ይሻል ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ምናልባትም ይሻል ይሆናል። ግን በቀጣዩ ዓመት የሂውስተን ከላዮች (ከፊት ቆመው ኳርተርባኩን የሚከልሉት) ሲዳከሙ ያው ስትራውድ 52 ጊዜ ተጣለ፤ የተጠለፈበት ኳስም ወደ 12 አደገ። ሰውየው አልተለወጠም፤ ከፊቱ የቆመው ግንብ ነው የተለወጠው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ወጣቱን ስትመዝኑ

መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ጫና ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ ነው። ብዙ ሰው ሳክ የከላዮች ጥፋት ብቻ ይመስለዋል። ከፊሉ ግን የኳርተርባኩ ጠባይ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኳስ ይዞ የሚቆይ ልጅ ወደ ኤንኤፍኤል ሲመጣም ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደተጣለ ብቻ ሳይሆን ጫና ከደረሰበት ውስጥ ስንቱ በመውደቅ እንዳለቀ አስሉ። አንድ ወጣት በዓመት ውስጥ 140 ጊዜ ጫና ደርሶበት 21 ጊዜ ከወደቀ 15 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። 35 ጊዜ ከወደቀ 25 በመቶ ይሆናል፤ ይህን ልጅ ደካማ ከላይ ላለው ቡድን መስጠት እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። ሳም ሃወል በኖርዝ ካሮላይና ብዙ ይወድቅ ነበር፤ በ2023 ዋሽንግተን ውስጥ ሙሉ ዓመት ሲሰለፍ 65 ጊዜ ተጣለ፤ በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም። ጄይደን ዳንኤልስም በኮሌጅ ጫና ሲደርስበት በብዛት የሚወድቅ ነበር። ልዩነቱ ዳንኤልስ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ለመሮጥ ሲሞክር ሲሆን፣ ሩጫው በሌላ ጊዜ 20 እና 30 ያርድ ያስገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ውድቀት በቪዲዮ መርምሩ፤ ክፍት የነበረ ሰው ሳያይ ቀርቶ ነው? ኳሷን ወደ ውጭ መጣል ሲችል አልጥል ብሎ ነው? ወይስ ሁለት ሰው በአንድ ሰከንድ ደርሶበት ነው? ሦስተኛውን በእሱ ላይ አትጻፉበት።

ሁለተኛው የኳስ አቀማመጥ ነው። ከወረወራቸው ስንቱ በተቀባይ እጅ ገባ የሚለው መቶኛ በቀጥታ ከተወሰደ ያታልላል። ዛሬ የኮሌጅ ቡድኖች ወደ ጎንና ወደ ኋላ በሚወረወሩ አጫጭር ኳሶች የተሞሉ ናቸው፤ እነዚያን ማንም ያስገባል። እንዲህ አስሉት፦ ልጁ 400 ወርውሮ 272 ገቡለት እንበል፤ 68 በመቶ ይሆናል፣ ያስደስታል። ከእነዚህ ውስጥ 90ዎቹ ኳሷ ከተነሳችበት መስመር ሳያልፉ የተወረወሩ ከሆኑና 84ቱ ከገቡ፣ ሁለቱንም ቀንሱ። የቀረው 310 ወርውሮ 188 ማስገባት ነው፤ ወደ 61 በመቶ ወረደ። ይህን ስሌት በምታወዳድሯቸው ወጣቶች ሁሉ ላይ ሥሩ፤ ደረጃቸው ብዙ ጊዜ ይገለባበጣል። ቦ ኒክስ በኦሪገን በ2023 ከወረወራቸው 77.4 በመቶ ገብተውለታል። ብዙዎቹ አጫጭር ስለነበሩ ተጠራጣሪው ብዙ ነበር፤ ተጠራጣሪዎቹም ያለ ምክንያት አልተጠራጠሩም። ነገር ግን ኒክስ ኳሷን በፍጥነት የሚለቅ፣ የማይወድቅ ነው፤ ዴንቨርም ጠንካራ ከላዮች ነበሩት። በመጀመሪያ ዓመቱ 24 ጊዜ ብቻ ተጥሎ 29 ታችዳውን ወረወረ። አሠልጣኙ የፈለገውን ዓይነት ሰው ነው የመረጠው።

ቪዲዮ ስታዩ ምርጥ ቅንጭቦችን ተዉ። ስድስት ሙሉ ጨዋታ ምረጡ፦ ሁለቱ ከጠንካራ ተከላካዮች ጋር የተደረጉ፣ አንዱ የተሸነፈበት፣ አንዱ በአራተኛው ሩብ እየተመራ የተጫወተበት፣ የዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ጨዋታዎች። ሁለት መቶ ያህል ውርወራ ታገኛላችሁ። ከተቻለ 22ቱም ተጫዋቾች የሚታዩበትን ከላይ የተቀረጸውን ተጠቀሙ፤ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ሜዳው ጥግ ያሉትን ተከላካዮች ስለሚቆርጣቸው ልጁ ምን አይቶ እንደወሰነ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ውርወራ አራት ነገር መዝግቡ፦ ትክክለኛውን ሰው መረጠ ወይ፣ ኳሷ በሰዓቷ ለቀቀች ወይ፣ ተቀባዩ ሳይቆም እየሮጠ የሚይዛት ነበረች ወይ፣ ጫና ከነበረ ምን አደረገ። መግባቷን አትመዝግቡ። ጥሩ ኳስ ከተቀባይ እጅ ሊወድቅ ይችላል፤ መጥፎ ኳስም በታላቅ ተቀባይ ዝላይ ሊድን ይችላል። በተለይ ሁለት ወደፊት በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡ ተቀባዮች ከጎኑ የነበሩት ልጅ ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን። ዳንኤልስ በኤልኤስዩ ማሊክ ኔበርስና ብራያን ቶማስ ጁኒየር ነበሩት።

ሦስተኛው የጨዋታ ብዛት ነው። አሠልጣኝ ቢል ፓርሴልስ ኳርተርባክ ሲመርጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ተመራቂ፣ ሦስት ዓመት በቋሚነት የተሰለፈና ቢያንስ 23 ጨዋታ ያሸነፈ ይሁን ይል ነበር። ዛሬ ወጣቶች ቶሎ ስለሚወጡና ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚዘዋወሩ መለኪያው እንዳለ አይሠራም፤ መንፈሱ ግን ይሠራል። ሚቸል ትሩቢስኪ በኮሌጅ 13 ጊዜ ብቻ ተሰልፎ በ2017 በ2ኛ ተራ ተመረጠ። አንቶኒ ሪቻርድሰን በፍሎሪዳ 13፣ ትሬይ ላንስ በኖርዝ ዳኮታ ስቴት 17። ሦስቱም የመረጧቸው ቡድኖች የጠበቁትን አልሆኑም። በአንጻሩ ዳንኤልስ 55፣ ኒክስ 61 ጊዜ ተሰልፈው መጡ። ካም ኒውተን በኦበርን 14 ጊዜ ብቻ ተሰልፎ ታላቅ ሆኗልና ሕጉ የማይጣስ አይደለም፤ ግን ኒውተንን የሚያህል አካል ያለው ሰው በየዓመቱ አይገኝም።

ወደ ሌላው ጽንፍም አትሂዱ። የ24 ዓመት ጎልማሳ ከ19 ዓመት ልጆች ጋር ሲጫወት ብልጫ ማሳየቱ አይገርምም። አምስተኛና ስድስተኛ ዓመቱ ላይ ያለውን ተጫዋች ስታዩ 20 እና 21 ዓመቱ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ወደኋላ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ዕድገቱ ደረጃ በደረጃ ከሆነ ጥሩ፤ አንድ ዓመት ብቻ ፈንድቶ ከሆነ ያን ዓመት ምን እንደተለወጠ፣ አሠልጣኝ ይሁን ተቀባይ፣ አጣሩ።

ቁመት፣ የእጅ ስፋትና ፍጥነት የኋላ ጉዳዮች ናቸው፤ ቢሆንም ሊናቁ አይገባም። በኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው ምዘና እጅ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ይለካል፤ ከ9 ኢንች ወይም ወደ 23 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን በዝናብና በብርድ ኳሷ ታመልጣለች የሚል ስጋት ይነሳል። ኬኒ ፒኬት 8.5 ኢንች ተለክቶ በ2022 በፒትስበርግ በ20ኛ ተራ ተመረጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ተላለፈ። ጆ በሮ ልክ 9 ኢንች ነበር፤ እጁ ያገደው ነገር የለም። መለኪያው የሚጠቅመው የምትጫወቱበትን ሜዳ ካወቃችሁ ነው፤ ጣሪያ ያለው ስታዲየም ለትንሽ እጅ ይራራል፣ በዲሴምበር የባፋሎ ነፋስ አይራራም።

ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሜዳ የሚያዘጋጀውን የማሳያ ቀን ግን በልክ ያዙት። ተከላካይ የለም፣ ውርወራዎቹ አስቀድመው የተለማመዱ ናቸው። ዛክ ዊልሰን በማርች 2021 እየሮጠ በተቃራኒ አቅጣጫ የላካት ረጅም ኳስ ብዙዎችን አስደመመች፤ ጄትስም በ2ኛ ተራ መረጠው። ጥያቄው ያን ኳስ መወርወር ይችላል ወይ አልነበረም፤ ሦስት ሰው እየመጣበት የአምስት ያርዷን ኳስ በሰዓቷ ይለቃል ወይ ነበር። ከዚያ ቀን ይልቅ ቡድኖች ራሳቸው ቢሮ ጠርተው የሚያነጋግሩበት ቀጠሮ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አንድ ቡድን እስከ 30 ወጣት መጋበዝ ይችላል። ያኔ የቡድናችሁን አንድ የጨዋታ ዕቅድ አስተምሩት፣ ሌላ ነገር አውሩበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ መልሶ እንዲሥለው ጠይቁት።

የጆሽ አለን ነገር

የጆሽ አለንን ስም ሳያነሳ ስለ ጥሬ ተሰጥዖ የሚከራከር ሰው የለም። በዋዮሚንግ ከወረወራቸው የሚገቡለት 56 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2018 ባፋሎ በ7ኛ ተራ መረጠው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 52.8፣ በሁለተኛው 58.8፣ በሦስተኛው 69.2 በመቶ ደረሰ፤ በኋላም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ኳስ የማያስቀምጥ ግን ክንደ ብርቱ ወጣት በመጣ ቁጥር «ይህም አለን ይሆናል» ይባላል።

የሚረሳው ባፋሎ ያደረገው ነው። የማጥቃት አሠልጣኙ ብራያን ዳቦል አራት ዓመት ሳይለወጥ አብሮት ቆየ። በ2019 ማዕከላዊ ከላይ ሚች ሞርስ፣ ተቀባዮቹ ጆን ብራውንና ኮል ቢዝሊ ተገዙ። በ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተከፍሎ ስቴፎን ዲግስ መጣ። 69.2 የተባለው ቁጥር የመጣው በዚያ ዓመት ነው። በዚያው የ2018 ድራፍት በ10ኛ ተራ የተመረጠው ጆሽ ሮዘን አሪዞና ውስጥ በአንድ ዓመት 45 ጊዜ ተጣለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ አሠልጣኙ ተባረረ፣ በምትኩ ሌላ ኳርተርባክ ተመረጠ፣ ሮዘንም ተሸጠ። ሮዘን አለንን የሚያክል ክንድ አልነበረውም፤ ግን የእሱ ትክክለኛ ልክ ምን እንደነበር ከዚያ ዓመት ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ጥሬ ተሰጥዖ ልትመርጡ ካሰባችሁ ቅድመ ሁኔታው ይህ ነው፦ ለሁለት ዓመት የማይባረር አሠልጣኝ፣ ቢያንስ አራት አስተማማኝ ከላዮች፣ እና ልጁ የማይሰለፍባቸውን ወራት የሚሸፍን አንጋፋ። ከሦስቱ ሁለቱ ከሌሉ የበሰለውንና ጣሪያው ዝቅ ያለውን ወጣት ምረጡ።

አራቱ መንገዶች

ተራ ከፍ አድርጎ መግዛት፣ ባሉበት ተራ መጠበቅ፣ አንጋፋ ይዞ ግንባታውን ማስቀደም፣ ወይም በኋለኛው ዙር ዕድል መሞከር። ቡድን ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል፤ ሳያስበውም ቢሆን።

ለመጀመሪያው መንገድ ዋጋ ማስያ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ካውቦይስ በጂሚ ጆንሰን ዘመን ያዘጋጀው ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ የንግግር መነሻ ነው፦ 1ኛ ተራ 3000 ነጥብ፣ 2ኛ 2600፣ 3ኛ 2200፣ 5ኛ 1700፣ 9ኛ 1350፣ 12ኛ 1200፣ 16ኛ 1000፣ 32ኛ 590። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ከ12ኛ ወደ 3ኛ ሲወጣ ልዩነቱ 1000 ነበር፤ የአንድ 16ኛ ምርጫ ዋጋ ማለት ነው። የከፈለው ግን ከ12ኛው በተጨማሪ የ2022 እና የ2023 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን፣ እንዲሁም አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው። ኳርተርባክ ሲሆን ሻጩ ሁልጊዜ ከሠንጠረዡ በላይ ይጠይቃል። የተመረጠው ላንስ ለቡድኑ 4 ጊዜ ብቻ ተሰልፎ በ2023 በአንድ አራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ተሸጠ። ሳን ፍራንሲስኮን ያዳነው በ2022 በመጨረሻው በ262ኛ ተራ የመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተራ ለመግዛት የሚያበቃ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ ቡድኑ ከኳርተርባክ በቀር ተሟልቷል። ካንሳስ ሲቲ በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ ለመውጣት የከፈለው 27ኛውን፣ 91ኛውንና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 12 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ አሌክስ ስሚዝ ስለነበረው ፓትሪክ ማሆምስ በመጀመሪያ ዓመቱ የመጨረሻውን ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት 50 ታችዳውን ወረወረ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካንሳስ ሲቲ ከቋሚ ተጫዋቾቹ አንዱንም አልሰጠም። ሻጩ ተቀባያችሁን ወይም ግራ ታክላችሁን (የግራውን ዳር ከላይ) ከጠየቀ ስልኩን ዝጉ።

ባሉበት መጠበቅ የሚያዋጣው የዓመቱ ምርት ጥሩ ሲሆን ነው። በ2024 ከመጀመሪያዎቹ 12 ምርጫዎች ስድስቱ ኳርተርባክ ነበሩ፤ ዴንቨር ሳይንቀሳቀስ በ12ኛ ተራ ኒክስን አገኘ። በ2022 ግን ከ20ኛው ፒኬት በኋላ ቀጣዩ ኳርተርባክ እስከ 74ኛ ድረስ አልተመረጠም፤ ገበያው ራሱ ምርቱ ደካማ ነው እያለ ነበር። በእንደዚህ ዓይነት ዓመት «የግድ አንድ ያስፈልገናል» ብሎ ምርጫን ማባከን ችግሩን በሁለት ዓመት ማራዘም ነው። በ2021 በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አምስት ኳርተርባኮች አራቱ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከመረጣቸው ቡድን ወጥተው ነበር፤ የቀረው ትሬቨር ሎውረንስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በደጋፊ ዘንድ አይወደድም፤ እኛ ግን ከሚገባው በታች የተከበረ መንገድ ነው ብለን እናምናለን። ሚኔሶታ በ2024 ጄጄ ማካርቲን በ10ኛ ተራ መርጦ፣ ሳም ዳርኖልድን ደግሞ በአንድ ዓመት ውል በ10 ሚሊዮን ዶላር አምጥቶ ነበር። ማካርቲ ከዓመቱ በፊት ጉልበቱ ተጎዳ። ዳርኖልድ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ጄትስ በ3ኛ ተራ መርጦት ያልተሳካለት ሰው፣ ጥሩ ተቀባዮችና ጥሩ አሠልጣኝ አግኝቶ 14 ጨዋታ አሸነፈ። አንጋፋው ርካሽና አጭር ውል ሊኖረው ይገባል። አትላንታ በዚያው ዓመት በማርች ለከርክ ከዝንስ 100 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈርሞ በኤፕሪል ማይክል ፔኒክስን በ8ኛ ተራ መረጠ። ከዝንስ በዲሴምበር ቦታውን ለቀቀ። ለአንድ ቦታ ሁለቴ ተከፍሎ ኳርተርባክ የሚያሳድድ ተከላካይ ሳይመጣ ቀረ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሉታል እንዲህ ያለውን።

አራተኛውን በአጭሩ፦ ጄለን ኸርትስ 53ኛ፣ ዳክ ፕሬስኮት 135ኛ፣ ቶም ብሬዲ 199ኛ ሆነው ተመርጠዋል። ይህ በየዓመቱ አንድ ዝቅተኛ ምርጫ ለኳርተርባክ መመደብን ያበረታታል፤ ዋና ዕቅድ ማድረግን ግን አይደግፍም።

ከላይ ወይስ ተቀባይ?

ወጣቱ ከተመረጠ በኋላ የሚቀጥለው ምርጫ ይህ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። ጽንፉን ማየት ይረዳል፦ በ2002 አዲስ የተመሠረተው ሂውስተን በ1ኛ ተራ የመረጠው ዴቪድ ካር በመጀመሪያ ዓመቱ 76 ጊዜ ተጣለ። ያ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም፤ ካርም ከዚያ በኋላ ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነም። ብዙ የተመታ ወጣት ዓይኑ ከተቀባዮች ላይ ወርዶ የሚመጡበትን ሰዎች ማየት ይጀምራል። ያን ልማድ ማስተው ከባድ ነው።

ሲንሲናቲ ተቃራኒውን አደረገ። በሮ በ2020 ጉልበቱ ተቀድዶ ሳለ ቡድኑ በ2021 በ5ኛ ተራ ታክል ፔኔ ሴውልን ትቶ ተቀባዩን ጃማር ቼዝን መረጠ። በዚያ ዓመት በሮ 51 ጊዜ ተጣለ፤ ቡድኑ ግን ሱፐር ቦውል ደረሰ። በፍጻሜውም 7 ጊዜ ተጥሎ 23 ለ 20 ተሸነፈ። ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ ጉድለቱም የት እንደነበር ያው ጨዋታ አሳየ።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። ወጣታችሁ ኳሷን በፍጥነት የሚለቅ ከሆነ ተቀባይ አስቀድሙ። ይዞ የሚቆይ ከሆነ ከላይ አስቀድሙ፤ ከላዮቹንም ከዳር ሳይሆን ከመካከል ጀምሩ። ከዳር የሚመጣውን አሳዳጅ ኳርተርባኩ ወደፊት በመራመድ ሊያመልጠው ይችላል፤ ከመካከል የሚመጣው ግን መራመጃውን ራሱ ይዘጋበታል። ለአጭር ኳርተርባክ ደግሞ እይታውንም ይጋርዳል። ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ያንግን ይዞ የመካከሉን ከላይ ችላ ማለት አይቻልም። ካሮላይናም በ2024 ሁለት መካከለኛ ከላዮች በብዙ ገንዘብ መግዛቱ ከዚህ የመጣ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ኮማንደርስን የሚከታተል አንባቢ ይህን በዓይኑ አይቷል። በ2023 4 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዳንኤልስን ከመምረጡ በፊት በማርች ማዕከላዊ ከላይ ታይለር ቢያዳሽን፣ አንጋፋውን ታይት ኤንድ (የሚከልልም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) ዛክ ኧርትዝን፣ ተከላካዩን ቦቢ ዋግነርን አስገባ። የማጥቃት አሠልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ ደግሞ ልጁ በኮሌጅ የለመደውን ዓይነት ጨዋታ አዘጋጀለት። 12 አሸነፉ፤ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ቀራቸው። በ2025 ዳንኤልስ በጉዳት ብዙ ጨዋታ ሲያመልጠው ቡድኑ እንደገና ወደቀ። የሚሮጥ ኳርተርባክ ያለው ቡድን ጥሩ ተጠባባቂ ያስፈልገዋል፤ ይህን ወጪ እንደ ቅንጦት አትዩት።

ገንዘቡ

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን ሆነ ለሚል፣ መልሱ የውል ሕጉ ነው። በ2010 1ኛ ሆኖ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አግኝቶ ነበር። በ2011 አዲስ ስምምነት የወጣቶችን ደመወዝ ገደበ፤ የዚያ ዓመቱ 1ኛ ካም ኒውተን ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ፈረመ። በ2024 ኬሌብ ዊሊያምስ ለአራት ዓመት ወደ 39.5 ሚሊዮን ሲፈርም፣ ዳክ ፕሬስኮት በዚያው ዓመት በዓመት 60 ሚሊዮን ተስማማ። በዓመት የ50 ሚሊዮን ልዩነት አለ። በ2025 የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ስለነበር፣ ልዩነቱ ከጠቅላላው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። አንድ ምርጥ ታክልና አንድ ምርጥ ተቀባይ ይገዛል።

ግን መስኮቱ ጠባብ ነው። በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ወጣት የአራት ዓመት ውል አለው፤ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት መጨመር ይችላል። ውሳኔው ከሦስተኛው የውድድር ዓመት በኋላ በሜይ መጀመሪያ መሰጠት አለበት፤ ከተሰጠ ገንዘቡ ሙሉ ዋስትና አለው። ከ2ኛ ዙር ጀምሮ የሚመረጡት ይህ አምስተኛ ዓመት የላቸውም። ባልቲሞር በ2018 ከሁለተኛው ዙር ተነስቶ በ32ኛ ተራ ላማር ጃክሰንን የመረጠው ከ33ኛው ይልቅ ለምን እንደተመቸው ከዚህ ይታያል፤ አንዲት ተራ ልዩነት አንድ ሙሉ ዓመት ታስገኛለች።

ስለዚህ ቀመሩን ወደኋላ ቁጠሩት። ከላዮቹን ለማሟላት ሁለት ዓመት የሚፈጅባችሁ ከሆነና ወጣቱን ዛሬ ከመረጣችሁ፣ ቡድኑ ሲዘጋጅ ርካሹ ዘመን አጋማሹ አልፏል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይም በቂ መከላከያ አግኝቶ የተጫወተባቸው ጨዋታዎች ጥቂት ስለሚሆኑ አምስተኛውን ዓመት ለመስጠት የሚያበቃ ማስረጃ አይኖራችሁም። ከድራፍቱ በፊት ከወረቀቱ በአንድ በኩል አምስቱን ከላዮች በስማቸው፣ ከውላቸው ማብቂያ ዓመት ጋር ጻፉ፤ በሌላው በኩል የወጣቱን አራት ዓመታት። ከላዮቹ ከሦስት በላይ ከሁለተኛው ዓመት በፊት የሚለቁ ከሆነ፣ በዚህ ድራፍት የመጀመሪያው ምርጫችሁ ታክል ይሁን፤ ኳርተርባኩ በቀጣዩ ዓመት ይመጣል።